በባዶ መስመር አይፈተንም

ልጄ አዲስ አበባ የኮምፒውተር ሥራ ነው የምትሠራው። ባለፈው ለበዓል ሆሳዕና መጥታ፣ እንግዳው ሁሉ ከሄደ በኋላ ኮምፒውተሯን ጭኗ ላይ አድርጋ ግንባሯን ቋጥራ ተቀመጠች።

«ምን አጥተሽ ነው እንዲህ የምትጨነቂው?» አልኳት።

«የሥራ ጉዳይ ነው አባባ፤ ብነግርህ ይሰለችሃል።»

«እኔን የሽቦ ወሬ ሰልችቶኝ ያውቃል?»

«ሽቦ እኮ የለበትም» ብላ ሳቀች፤ ግን ነገረችኝ።

ብዙ ሰዎች በየፊናቸው የሚጽፏቸው ክፍሎች አሉ፤ ሞጁል ይሏቸዋል። ተገጣጥመው አንድ ትልቅ ሥርዓት ይሆናሉ። እያንዳንዱ ክፍል «ይህ ይከፈት፣ ያ ይዘጋ» እያለ ያዛል። ሁለት ክፍሎች የሚጋጭ ትእዛዝ ከሰጡ ቅድሚያ ያለው ያሸንፋል። አንዳንዴ ደግሞ የአንዱ ነገር ስም ይለወጣል፤ ያን ጊዜ አሮጌውን ስም የለመደ ሰው እንዳይቸገር አሮጌው ወደ አዲሱ እንዲመራ ያደርጉታል። የእሷ ሥራ ይህን መፈተን ነው።

«ስሙ መድረሱን አይተናል» አለችኝ። «አሁን የያዘኝ ሌላ ነው። በአሮጌው ስም ጥብቅ ትእዛዝ ቢሰጥ ጥብቅነቱን ይዞ ይሻገራል? ወይስ መንገድ ላይ ተራ ትእዛዝ ሆኖ ይቀራል?»

«አልገባህም አይደል?» አለች።

«ይህንንማ አንቺ ሳትወለጂ ፈትኜዋለሁ።»

«በምን ኮምፒውተር?»

«በእንጨት ችካልና በክር።»

የቀለድኩ መሰላት። ታሪኩን ስጀምርላት ግን ኮምፒውተሯን ዘጋች። ስጨርስ «ጻፈው» አለችኝ። ስለዚህ ጻፍኩት።

ላፌቦ እባላለሁ። ዕድሜዬን በስልክ መስመር የጨረስኩ ሰው ነኝ። በደርግ ዘመን በከምባታና ሐዲያ አውራጃ ከእኔ የተሻለ መስመር የሚያውቅ አልነበረም። ይህን የምለው ለመኩራራት አይደለም ብዬ አልዋሽም፤ ለመኩራራትም ነው። ምሰሶ ላይ ጆሮዬን ለጥፌ ከሽቦው እንጉርጉሮ የላላው በየት በኩል እንደሆነ እናገር ነበር። ከአዲስ አበባ የመጣ ቴክኒሽያን በመሣሪያ ፈልጎ ያጣውን እኔ ቆሜ አዳምጬ አግኝቼለታለሁ። ያስተማረኝ ትምህርት ቤት የለም። አማርኛ ማንበብ የለመድኩት ከመጽሐፍ ቅዱስ ነው፤ ቤታችን የሚነገረው ሐዲይኛ ነበርና አማርኛ በአፌ ሳይሞላ በዓይኔ ሞላ።

ወደ ስልክ ሥራ የገባሁት በጀርባዬ ነው። መናኸሪያ ተሸካሚ ነበርኩ። አንድ ጠዋት ከአውቶቡስ ጣሪያ ላይ ከባድ ሣጥን አወረዱና ስልክ ቤት አድርስ ተባልኩ። አደረስኩ። ሣጥኑ ሲከፈት በውስጡ የነበረውን ነሐስና ጥቅልል ሽቦ ሳይ መሄድ አቃተኝ፤ በር ላይ ተቀመጥኩ። በማግስቱም መጣሁ። የተጣለ አሮጌ ስልክ ሰጡኝ፤ ፈትቼ ገጠምኩት፤ እንደገና ፈትቼ ገጠምኩት፤ ጮኸ። በዚያ ጠዋት ተሸክሜ የገባሁበትን ቤት ጡረታ እስክወጣ አልለቀቅኩትም። መጀመሪያ ሶሮ ውስጥ ጊምቢቹ የመስመር ጠባቂ ሆንኩ፤ ቀጥሎ ከሆሳዕና በዶዮገና አድርጎ ወደ አንጋጫና ዱራሜ የሚወርደው መስመር ተሰጠኝ። ደመወዙ ለወሬ አይበቃም፤ ልለፈው።

ያሠለጠኑኝ ሰው ጋሽ ተክሌ ይባሉ ነበር። ከመንዝ የመጡ፣ ቀጭን፣ በሥራ ቀን ሁሉ ከረባት የሚያስሩ፣ የሆሳዕና ማዞሪያ ኃላፊ። ጠዋት ሲገቡ ባርኔጣቸውን ከሰቀሉ በኋላ መዳፋቸውን በማዞሪያው ሰሌዳ እንጨት ላይ አሳርፈው ጥቂት ይቆያሉ። «ትኩሳት እንዳላት ልይ ብዬ ነው» ይላሉ። መስመር የሚሰካባቸውን ቀዳዳዎች በዶሮ ላባ ቤንዚን እያስነኩ ያጸዳሉ። ደዋዩ ያለውን ቃል መልሰው ሳይደግሙለት አያገናኙም። የሚጮህባቸውን ሰው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ይመልሱለታል፤ ሰውየው ለመስማት ሲል ዝም ይላል። እኔም ይህንኑ ከእሳቸው ወስጄ ሚስቴ ላይ ሞክሬው ነበር፤ ስልክ ላይ ብቻ ነው የሚሠራው።

የማዞሪያው ሰሌዳ በአንድ ጊዜ የመጣ አልነበረም። የከተማው ሣጥን፣ የሶሮ ሣጥን፣ የደቡቡ መስመር ሣጥን በየጊዜው መጥተው ጎን ለጎን የተገጠሙ ናቸው። የደቡቡ መስመር ጣጣ አንድ ነው፤ ጣቢያዎቹ ሁሉ በአንድ ሽቦ ላይ ናቸው። ዱራሜ ሲያወራ ዶዮገና ይጠብቃል። የቸኮለ ስልኩን አንስቶ «ልቀቁ!» ይላል፤ ማን እንደሆነም ይናገራል። በዚያን ጊዜ ማዞሪያው ላይ የተቀመጠው ሰው መፍረድ አለበት።

ይህን ፍርድ ጋሽ ተክሌ ከሰው አፍ አውጥተው በችካል አደረጉት። ከዋንዛ እንጨት ትንንሽ ችካሎች ቀርጸው በሻማ ሰም አሹና ቀለም ቀቧቸው። በእያንዳንዱ ጣቢያ ስም ሥር ቀዳዳ አለ፤ ችካሉ እዚያ ይሰካል። ነጭ ተራ ነው። ቢጫ የመንግሥት ሥራ ነው። ቀይ ነፍስ ነው። ቢጫ ነጭን ያስለቅቃል፤ ቀይ ሁለቱንም። «በዚህ ሰሌዳ የጮኸ አያሸንፍም» ይሉ ነበር። እውነታቸውን ነው፤ ከዚያ በፊት የስኳር ነጋዴውም የሠርግ ጠሪውም «ልቀቁ፣ ሰው ሊሞት ነው!» ይል ነበር።

ከለውጡ በኋላ አውራጃውን የያዙት ጓድ ዘለቀ አንድ ቀን ሰሌዳውን ሊጎበኙ መጡ። የቀድሞ አስተማሪ ናቸው፤ ቆጣ ቢሉም የሚሰሙ ሰው ነበሩ። ጣታቸው ከስሞቹ በአንዱ ላይ ቆመ።

«ፊታውራሪ የሚል ቃል እዚህ ምን ይሠራል?»

«ፊታውራሪው የሉም ጓድ» አሉ ጋሽ ተክሌ። «ዶዮገና ያለው ግቢያቸው ክሊኒክ ሆኗል። ሕዝቡ ግን እስካሁን የፊታውራሪ ግቢ ነው የሚለው።»

«ይሰረዝ። ጤና አንድ ይባል።»

«እሺ። ደዋዩ እንደ ልማዱ የፊታውራሪ ግቢ ቢለኝስ?»

«አይታወቅም በለው።»

ጋሽ ተክሌ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ጓድ፣ አይታወቅም ካልኩት የሚጎዳው ክሊኒኩ ነው። ፊታውራሪው ምን ቸገራቸው?»

ጓድ ዘለቀ ሊስቁ ሲሉ ራሳቸውን ያዙ። ከዚያ ችካሎቹን አይተው፣ «ደግሞ ቀዩ የአብዮት ቀለም ነው፤ የእኔ ቢሮ ቢጫ ሆኖ ክሊኒኩ ቀይ የሆነው በምን ሒሳብ ነው?» አሉ።

«ቀዩ የደም ቀለም ነው ጓድ። ደሙ ለሚፈሰው ነው ያስቀመጥነው።»

በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ መልስ ወዴት እንደሚወስድ አይታወቅም ነበር። ጓድ ዘለቀ ግን ባርኔጣቸውን አስተካክለው ወጡ።

አዲሱ የስም ሰሌዳ ከበላይ ተሠርቶ መጣ። በየስሙ ሥር ችካሉ ተሰክቶ ነበር የመጣው፦ ለመሥሪያ ቤቶች ቢጫ፣ ለቀረው ሁሉ ነጭ። ጋሽ ተክሌ አሮጌዎቹን ስሞች አልነቀሉም። ከታች በኩል አኖሯቸውና ከእያንዳንዱ አሮጌ ስም ወደ አዲሱ ክር ሳቡ። ከ«የፊታውራሪ ግቢ» የተነሣው ክር «ጤና አንድ» ላይ ይደርሳል። ደዋዩ በአሮጌው ቢጠራ በክሩ ተመርቶ አዲሱ ላይ መድረስ ነው። ጓድ ዘለቀ ክሩን ሲያዩ፣ «ይህ ድር ምንድን ነው?» አሉ። «ሕዝቡ አዲሱን እስኪለምድ ድልድይ ነው ጓድ» ተብሎ ታለፈ።

ጋሽ ተክሌ ማንኛውንም አዲስ ነገር የሚፈትኑት በማለዳ ነው፤ ማንም ስልክ ሳያነሳ፣ መስመሩ ጸጥ ባለበት። «ንጹሕ መስመር ላይ ንጹሕ ፈተና» ይላሉ። በዚያ ማለዳ እኔ ዶዮገና ክሊኒክ ሆኜ የስልኩን እጀታ አዞርኩ። በአዲሱ ስም ጠራሁ፤ ደረሰ። በአሮጌው ስም ጠራሁ፤ ደረሰ። ከአንጋጫም ከዱራሜም በሁለቱም ስም አስጠራን፤ ሁሉም ደረሰ። «ግሩም ነው» አሉኝ በስልክ። ከጋሽ ተክሌ አፍ «ግሩም» መስማት ለእኔ ከሹመት ይበልጥ ነበርና እየዘፈንኩ ሻይ ልጠጣ ሄድኩ።

የሆነው በዶዮገና ገበያ ቀን ነው። ከክሊኒኩ አጠገብ ባለው ምሰሶ ላይ የተሰበረ ስኒ፣ ማለት ሽቦውን ከምሰሶው የሚለየውን ነጭ መያዣ፣ እየቀየርኩ ነበር። ሰዎች በቃሬዛ ሴት ተሸክመው በገበያው መሐል እየሮጡ መጡ። ወልዳ ደሟ አልቆም ብሎ ነው። አበበች ትባላለች። ባሏ ሄሌቦ ሕፃኑን በጋቢው ጠቅልሎ ከኋላ ይከተላል። የክሊኒኩ ድሬሰር ሎምባሞ አየት አደረጋትና ወደ ስልኩ ሮጠ። ሆሳዕና ጤና ጣቢያ አንዲት ላንድሮቨር አለች፤ እሷን ሊጠራ።

መስመሩ ተይዟል። ዱራሜ ያለ የኅብረት ሥራ ጸሐፊ ለአውራጃው ቢሮ የእህል ኮታ እያስመዘገበ ነው።

«ልቀቁ! የፊታውራሪ ግቢ ነው! ልቀቁ!» አለ ሎምባሞ። እኔ ምሰሶው ላይ ሆኜ ይሰማኛል።

ጋሽ ተክሌ ማዞሪያው ላይ ነበሩ። ኋላ እንደነገሩኝ፣ ዓይናቸው ከአሮጌው ስም ተነሥቶ ክሩን ተከትሎ «ጤና አንድ» ላይ አረፈ። ችካሉ ነጭ ነው። መስመሩን የያዘው ቢጫ ነው። ሎምባሞ ደግሞ መድኃኒት ሲያልቅበትም «ልቀቁ» ማለት ይወዳል።

«ነጭ ነህ፤ ተራህን ጠብቅ» አሉት በዚያ ዝቅ ባለ ድምፃቸው፤ ጆሯቸውንም ከመስመሩ ነቅለው ወደ ሶሮ ሣጥን ዞሩ። ከዚያ ወዲያ ሎምባሞ ቢጮህ የሚሰማው የዱራሜው ጸሐፊ ብቻ ነበር። እሱም፣ «ማነህ አንተ? የመንግሥት ሥራ ላይ ነን፤ ውጣ ከመስመር!» እያለ በላዩ ላይ ይጮህበታል። ሁለቱም ሲጮኹ አንዱም አይሰማም።

ሎምባሞ ወጥቶ ወደ ላይ አየኝ። «ላፌቦ፣ እያለቀች ነው!»

ፒንሳው በእጄ ነበር። ዶዮገና በሆሳዕናና በዱራሜ መካከል ነው። በዱራሜ በኩል ያለውን ሽቦ ብቆርጠው ጸሐፊው ይጠፋል፤ እኛና ሆሳዕና እንቀራለን። በዚያ ዘመን የስልክ ሽቦ የቆረጠ ሰው ምን እንደሚባልና የት እንደሚወሰድ ሁሉም ያውቃል። አሰብኩ። ያሰብኩት ረጅም ነበር ወይስ አጭር፣ እስከ ዛሬ አላውቅም። ቆረጥኩት። ሽቦው እንደ ጅራፍ ጮኾ ሣር ላይ ወደቀ።

ሎምባሞ እጀታውን አዞረ፤ ጋሽ ተክሌ አነሱ፤ ላንድሮቨሯ ወጣች። አበበችን ጭና ስትመለስ ግን፣ ሆሳዕና ሳይደርሱ አበበች መንገድ ላይ አረፈች። ሕፃኑ ተረፈ።

ሄሌቦን መርዶው ከመጣ በኋላ ክሊኒኩ ውስጥ ስልኩ ፊት ቆሞ ሲያየው ነበር ያገኘሁት። ከሚስቱ ጋር ያልሄደው ሕፃኑን የምታጠባ ሴት እስክትገኝ ብሎ ነው። «ይህ ነገር ሩቅ ያለ ሰው ይጠራል አላችሁን» አለኝ። «ጠራችሁት። አልሰማም?» ወጥቼ ሽቦውን ቀጠልኩ።

በማግስቱ ሆሳዕና ስገባ ጋሽ ተክሌ ሰሌዳው ፊት ተቀምጠዋል። ከረባት አላሰሩም። መዳፋቸውን ዘረጉልኝ፤ ቀይ ችካል አለበት።

«የት አገኙት?»

«አሮጌው ቀዳዳ ውስጥ። እኔው ራሴ ያኔ እንደሰካሁት።» ችካሉን መዳፌ ላይ አኖሩት። «ስሙን አሻግረናል ላፌቦ። ክብደቱን እዚያው ትተነዋል።»

«ማለዳ ፈትነነው ነበር እኮ።»

«ማለዳ መስመሩ ላይ ማን ነበር?»

«ማንም።»

«ታዲያ ምን ፈተንን?»

እኔ ብዙ ነገር በራሴ የተማርኩ ሰው ነኝ፤ ይህን ግን ከእሳቸው ነው የተማርኩት፣ ከዚያች ጥያቄ። ማንም በሌለበት ነጭም ያልፋል፣ ቀይም ያልፋል። ቅድሚያ የሚባል ነገር ያለው ሁለት ሰው አንድ ሽቦ ሲፈልግ ነው። በባዶ መስመር አይፈተንም።

ከሰዓት በኋላ ጓድ ዘለቀ ዘንድ ተጠራን። ሽቦውን ማን ቆረጠ ነው ጥያቄው። አፌን ስከፍት ጋሽ ተክሌ ቀደሙኝ፦ «በእኔ ትእዛዝ ነው።» አላዘዙኝም ነበር። አስተባብዬ ልናገር ስል እግሬን በጫማቸው ረገጡኝ፤ የዚያን ቀን ደግሞ ቆዳ ጫማ ነበር ያደረጉት።

ጓድ ዘለቀ እስክሪብቶአቸውን አስቀመጡ። «ስለ ሴትዮዋ አዝናለሁ» አሉ። «ከልቤ ነው። ግን የመንግሥት መስመር በፒንሳ የሚለቀቅ ከሆነ ነገ ሁሉም ፒንሳ ይይዛል። ችካሉን እንዳሻችሁ አስተካክሉ። ዳግመኛ የእኔ መስመር ያለ በቂ ምክንያት ከተቆረጠ ግን ስሙ አሻጥር ነው። እኔም ላድናችሁ አልችልም።»

ሰሌዳውን እኔ አስተካከልኩት፤ በዚህም እኮራለሁ። በመጀመሪያ ቀዩን ችካል «ጤና አንድ» ሥር ሰክቼ የአሮጌ ስሞቹን ቀዳዳዎች ሁሉ በሰም ደፈንኳቸው፤ ከእንግዲህ እዚያ ችካል ተሰክቶ የሚረሳበት ቦታ የለም። ለአንድ ጣቢያ፣ ስሙ ሁለትም ይሁን ሦስት፣ ችካሉ የሚሰካበት አንድ ቀዳዳ ብቻ ይሁን አልኩ። ከዚያ ክሮቹን ፈትቼ በየችካላቸው ቀለም ነከርኳቸው። ከአሮጌው ስም የሚነሣው ክር ራሱ ቀይ ከሆነ ዓይን ገና መንገድ ላይ እያለ ክብደቱን ይዞ ይሄዳል። ክሩና ችካሉ ቀለማቸው ከተለያየ ደግሞ ስሕተት አለ ማለት ነውና ከባዱን ይዘህ አስለቅቅ፣ ኋላ ጠይቅ። ጋሽ ተክሌ በጣታቸው አንድ በአንድ ተከትለው አዩት። «ደኅና ነው» አሉ። እንደ በፊቱ «ግሩም» አላሉም።

«አሁን እንፈትነው» አልኩ።

«መስመሩ ሲሞላ።»

«ነጭ ችካል ያለው ደዋይ እያወራ ሳለ እናድርገው።»

«ነጭን ቢጫም ያስለቅቃል። አበበችን የያዛት ቢጫ ነው። የምንፈትነው በቢጫ ላይ ነው።»

ቢጫው ማለት ጓድ ዘለቀ ናቸው። «እንግዲያው አስቀድመን እንንገራቸው» አልኩ፤ እውነቱን ለመናገር ልጆቼ ትንንሾች ነበሩ።

«ከነገርናቸው ራሳቸው ይለቃሉ። ያኔ የተፈተነው የእሳቸው ትሕትና እንጂ ሰሌዳው አይደለም።» ሰሌዳውን በመዳፋቸው ነኩት። «አንተም ማወቅ የለብህም። ማዞሪያው ላይ ትቀመጣለህ። እኔ ዶዮገና እሄዳለሁ። መቼ እንደሆነ አልነግርህም። እውነት ይሁን ፈተና ሳታውቅ እጅህ የሚያደርገውን ማየት አለብኝ።»

«ጋሽ ተክሌ፣ የእኔን እጅ ይጠራጠራሉ?»

«የእኔ እጅ አይደለም እንዴ ጠብቅ ያለው?» አሉ። ከዚያ ወዲያ አልተከራከርኩም።

ከመናኸሪያ በአውቶቡስ ሲሄዱ ሸኘኋቸው። በማግስቱ ምንም የለም። ቀጥሎም ምንም የለም፤ ሎምባሞ አንዴ ደውሎ ነበር፤ ስለ ፋሻ ነው፤ በባዶ መስመር። በገበያው ቀን ጓድ ዘለቀ ዱራሜን ይዘው ስለ ማዳበሪያ አጥብቀው ሲናገሩ ደዋይ ሲጠራ የምትወድቀው የደቡቡ ሣጥን ትንሽ ክዳን ወደቀች።

«ልቀቁ! የፊታውራሪ ግቢ ነው!» የሎምባሞ ድምፅ ነው። የዚያን ቀኑ ድምፅ ራሱ ነው። ፈተና ይሁን ሌላ ሴት ቃሬዛ ላይ ትሁን የማውቅበት መንገድ የለም። ዓይኔ አሮጌው ስም ላይ ሄደ። ክሩ ቀይ ነው። ተከተልኩት። ችካሉ ቀይ ነው። ጓድ ዘለቀ በጆሮዬ ውስጥ፣ «ስማ፣ ማዳበሪያው እስከ ሐሙስ…» እያሉ ነው።

ነቀልኳቸው።

«ዱራሜ፣ ስልኩን አስቀምጥ፤ ነፍስ ነው» አልኩ። «ክሊኒክ፣ ጤና ጣቢያን ላገናኝህ፤ ቃልህን ድገምልኝ።»

በሎምባሞ ፈንታ የጋሽ ተክሌ ዝቅ ያለ ድምፅ መጣ። «ላፌቦ፣ ደርሷል። ማንም አልታመመም። ጤና ጣቢያን አታስቸግር።»

የጓድ ዘለቀ ጂፕ ስልክ ቤቱ በር ላይ እስኪቆም ድረስ ከወንበሬ አልተነሣሁም።

«ማን ሞተ?» አሉ ገና ከበሩ።

«ማንም አልሞተም፣ ጓድ።»

«ማን ታመመ?»

«ማንም።»

«ታዲያ ለምን ቆረጥከኝ?»

«ሰው እስኪሞት ብንጠብቅ ኖሮ ፈተናው ሌላ ሬሳ ያስከፍለን ነበር» አልኩ። ይህን ቃል ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም፤ ጥሩ ቃል ነበር፣ እኔው ነኝ ያመጣሁት። ሰሌዳውን አሳየኋቸው፤ ክሩን፣ ሰሙን፣ ችካሉን። በጣታቸው ክሩን ተከተሉ፤ ደርሰው ቆሙ። «ተክሌ የት ነው?» አሉ።

ጋሽ ተክሌ ከአውቶቡስ ወርደው ቤታቸው ሳይደርሱ በቀጥታ አውራጃ ቢሮ ሄዱ። ምን እንደተባባሉ አልሰማሁም። አልታሰሩም። አሻጥር የሚለው ቃልም አልተጻፈም። ግን ከማዞሪያው ተነሥተው ጊምቢቹ ተመደቡ፤ ከአንድ ስልክና ከአንድ ወንበር በቀር ምንም የሌለበት ጣቢያ። ስንሰነባበት ላባውን ሰጡኝ። ሰሌዳውን በመዳፋቸው ነክተው፣ «ትኩሳት የላትም» ብለው ወጡ።

እኔ ማዞሪያው ላይ ተሾምኩ። በዚያ ወንበር ብዙ አለቆችን አሳልፌያለሁ፤ ሁሉም እየሄዱ እኔ ቀርቻለሁ። ግን ታሪኩን የምጨርሰው በአንድ ቀን ነገር ነው።

ክረምት ነው፤ መንገዱ ጭቃ ነው። ጓድ ዘለቀ ከአንጋጫ ጋር እያወሩ ሳለ ክዳኑ ወደቀ። የሴት ድምፅ ነው፤ ሎምባሞ እጁ በቁስለኛው ስለተያዘ ስልኩን ያስደወላት አንዲት ጎረቤት ናት። ጤና አንድ የሚለውን ስም ሰምታው አታውቅም። «የፊታውራሪ ግቢ! የፊታውራሪ ግቢ!» ብቻ ነው የምትለው። ክሩ ቀይ። ችካሉ ቀይ። ነቀልኩ፤ ላንድሮቨሯን ጠራሁ፤ በጭቃው እየተንሸራተተች ወጣች። ከጣሪያ ላይ የወደቀ አናጢ ነበር፤ ተረፈ። ጓድ ዘለቀ ያን ቀን ጂፕ አላስነሡም። ቆይተው በስልክ ጠሩኝና፣ «ደረሰ?» ብቻ አሉኝ። «ደርሷል ጓድ» አልኩ። ዘጉት።

ወዲያው ወደ ሶሮ ሣጥን ዞሬ ጊምቢቹን ጠራሁ። ጋሽ ተክሌ እንደ ሁልጊዜው በመጀመሪያው ጥሪ አነሱ። ስለ አናጢው ነገርኳቸው፣ ስለ ሴትዮዋ፣ ስለ አሮጌው ስም፣ ስለ ጭቃው። እስከ መጨረሻው አዳመጡኝ። ቃሌን እንደ ልማዳቸው ደግመው ይመልሱልኛል ብዬ ጠበቅኩ።

«መስመሩ ሞልቶ ነበር?» አሉኝ።

«ሞልቶ ነበር።»

«በቢጫ?»

«በቢጫ።»

በሽቦው ውስጥ የሶሮ ዝናብ ይሰማ ነበር።

«እንግዲያው አሁን ተፈትኗል» አሉ፤ ስልኩንም ቀስ ብለው አስቀመጡት።